በአደራ የቆመው ሚኒባስ

ያ ሚኒባስ ሁልጊዜ ታጥቦ ነበር የሚቆመው። ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ዳር፣ አንድ ሐጂ የሚያስተዳድሩት ላቫጆ አለ። መኪና ያሳጥባሉ፣ ጎማ ያስነፋሉ፣ ከዚያም አልፎ ባለቤታቸው ሩቅ አገር የሆኑ መኪናዎችን በአደራ ተቀብለው ይሸጣሉ። ባለቤቱ ቁልፉንና ሊብሬውን ያስረክባቸዋል፤ እሳቸው ግቢያቸው ያቆሙለታል፣ ገዢ ሲመጣ ያሳያሉ፣ የተሸጠ ዕለት ድርሻቸውን ያነሳሉ። የሰው ንብረት አይነኩም ተብለው የተመሰገኑ ሰው ናቸው። እኔም ሌላ ደላላ ሳልጠይቅ ቀጥታ ወደ እሳቸው የሄድኩት ለዚህ ነው።

ከአረብ አገር ከተመለስኩ በኋላ ደሴ እየተመላለስኩ የሕዝብ ማመላለሻ መንጃ ፈቃድ አውጥቼ ነበር። ሴት ሹፌር ሲያይ የሐይቅ ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ምን አገባኝ ይላል፣ በመጨረሻ ይሳፈራል። ይህን አስቤበታለሁ። ያላሰብኩበት ነገር ቢኖር መኪናው ነው። ያጠራቀምኩት ገንዘብ አንድ ያገለገለ ሚኒባስ ይገዛል፤ ተሳስቼ ብገዛ ግን ሁለተኛ ዕድል የለኝም። መኪናው ከሠራልኝ ከሐይቅ ውጫሌ እየተመላለስኩ ሰው አጓጉዛለሁ፣ ማታ አባቴ ቤት አድራለሁ። ካልሠራ የቀድሞ ማዳሜ አለች። በየሳምንቱ ትደውላለች፤ ቪዛው ዝግጁ ነው፣ ልጆቹ ናፍቀውሻል ትላለች። ልጆቹ እኔንም ናፍቀውኛል፣ አልዋሽም። ያንን ኩሽና ግን ዳግመኛ ማየት አልፈልግም። እንግዲህ እቀራለሁ ወይስ እሄዳለሁ የሚለውን የሚቆርጠው በዚያ ኮፈን ስር ያለው ሞተር ነበር።

አባቴ አብሬሽ እሄዳለሁ አለ። አባቴ መኪና አያውቅም። በሬ ግን ያውቃል። በሬ ለመግዛት የሚወጣ የቀበሌያችን ሰው አባቴን ሳይዝ ገበያ አይሄድም፤ ሰው ወዶት ሳይሆን ዓይኑን ፈልጎ ነው። አንድ ዓመት የገዛ አጎቱ ሊገዛው የነበረውን በሬ ገበያ መሀል «ይኼ ሲያርስ ይተኛብሃል» ብሎ አስጥሎታል፤ ሻጩ ዱላ አንስቶ ነበር ይባላል። እና ያን ቀን ሚኒባሱን ልናይ ስንሄድ ያው የገበያ ዱላውን ይዞ፣ ኩታውን አጣፍቶ ከፊቴ ከፊቴ ይሄዳል።

«አባዬ፣ ጥርሱን ልታይ ነው?» አልኩት።

«ሳቂ ብቻ» አለኝ። «በሬም ሆነ መኪና ከፊቱ ሲያዩት ሁሉም ያምራል። ነውሩ ያለው ከኋላው ነው።»

ሐጂ ፈገግ ብለው ተቀበሉን። ሚኒባሱ ነጭ ነው፣ ያብለጨልጫል፣ መስኮቶቹ ላይ ዘርፍ ያለው ሰማያዊ መጋረጃ ተሰቅሏል፣ ወንበሮቹ አዲስ ልብስ ለብሰዋል። አባቴ ሰላምታውን ጨርሶ በቀጥታ ወደ ኋላ ሄደና ቁጢጥ አለ።  ከዚያ በዱላው የግራውን የኋላ ጎማ መታ መታ አደረገና «ወደ ግራ ያዘነብላል። ከአቅሙ በላይ ተሸክሞ የኖረ ነው» አለ። እኔ ደግሞ ወደ ውስጥ ገባሁ። የፍሬኑ ፔዳል ላስቲክ ተበልቶ አልቋል፣ መሪው በእጅ ብዛት ለስልሷል፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ግን ገና ልጅ ነኝ ይላል። የጎኑን በር በጣቴ አንኳኳሁት። እላዩ ቆርቆሮ ነው፣ ታቹ ድምፁ ሌላ ነው፤ እንደ ጭቃ ግድግዳ ድም ይላል።

«ማሻ አላህ በይ እንጂ ልጄ» አሉ ሐጂ፣ ዓይን እንዳይበላባቸው።

«ማሻ አላህ» አልኩ። «ይኼ በር ግን ግማሹ ስቱኮ ነው።»

ሐጂ ሳቁ፣ አልተቆጡም። የትኛው መኪና ነው በእኛ መንገድ ሄዶ ያልተፋቀ አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። ሞተሩን ላስነሳ ስል እጄን ኮፈኑ ላይ አሳረፍኩ። ሞቋል። እኛ ሳንመጣ ተነስቶ ነበር ማለት ነው። ይህን ያስተማረኝ ደሴ ያሠለጠነኝ መምህር ነው፤ የታመመ ሞተር ጠዋት ሲነቃ ነው የሚያቃስተው፣ ከሞቀ በኋላ ሁሉም ጤነኛ ነው ይል ነበር። ሐጂን ቀና ብዬ አየኋቸው፤ እሳቸው ወደ መንገዱ ያያሉ።

«ነገ በጠዋት እንመጣለን» አልኳቸው። «እባክዎ እስክንመጣ ማንም አያስነሳው።»

በማግስቱ ገና ጤዛው ሳይረግፍ ደረስን። ቁልፉን ስጠመዝዝ ሞተሩ ብዙ አንገራገረ፣ ከዚያ ተነሳ፣ ከኋላው ነጭ ጭስ ለቀቀ። መጀመሪያ የብርድ ነው ብዬ ታገስኩ። ጭሱ ግን አልቆመም፤ የላቫጆው ግቢ ሞላ፣ ሐጂም ሳል ጀመራቸው። ወደ ደሴ የሚያወጣውን ዳገት ትንሽ ልሞክረው ብዬ ሦስታችን ተሳፈርን። አባቴ ከጎኔ ጋቢና ተቀምጦ ዱላውን በጉልበቶቹ መሀል አቁሞታል። ዳገቱን ገና እንደያዝን የሙቀቱ መርፌ መውጣት ጀመረ፤ ወጣ፣ ወጣ፣ ቀዩ ጋ ደረሰ። ዳር ይዤ አቆምኩ። ሞተሩ እስኪበርድ ሐይቁን ቁልቁል እያየን ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ውሃው ላይ አንዲት ጀልባ ነበረች፣ የምትሄድ አትመስልም።  ሲበርድ የዘይቱን ክዳን ፈትቼ ገለበጥኩት፤ ውስጡ ላይ ወተት የበዛበት ቡና የመሰለ ነገር ለጥፏል። ዘይትና ውሃው ተቀላቅሏል ማለት ነው። ይህ ሞተር ካልተከፈተ ሩቅ አይሄድም።

 እንደ ሞኝ ሌሊቱን ሙሉ በሐሳቤ ስነዳው ነው ያደርኩት። የማዳሜ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ።

አባቴ ክዳኑን ተቀብሎኝ አሸተተው፣ መለሰልኝና ወደ ሐጂ ዞረ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሐጂ፣ ይኼ የአደራ ከብት ነው» አለ። «የራስህ ቢሆን እኔ ምን አገባኝ፣ ዓይኔን ከፍቼ ልግዛ። የአደራ ከብት የሚሸጥ ሰው ግን ነውሩን ሳይናገር አይሸጥም። ይህን እኔ ለአንተ አልነግርህም።»

በእኛ አገር ገበያ ይህ የታወቀ ነው። የሰው በሬ እንዲሸጥ የተሰጠው ሰው ከባለቤቱ የሰማውን ሁሉ ለገዢው ይናገራል፤ ይዋጋል ከተባለ ይዋጋል፣ ይተኛል ከተባለ ይተኛል ይላል። ዝም ብሎ የሸጠ ሰው አደራ በላ ይባላል፤ ይህ ስም ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ሐጂ ከድንጋዩ ላይ ተነሱ፣ ተመልሰው ተቀመጡ።

«ወላሂ፣ እኔ ላታልላችሁ አይደለም» አሉ። «የጠየቀኝን ሰው አልዋሽም ነበር። ያልጠየቀኝ ግን... ምን ልበል።»

ከዚያ ጉዳዩን ከሥሩ ነገሩን። መኪናው የአንዲት ልጅ ነው። የአምባሰል ልጅ ናት፣ ከግሸን በታች ካለ ገጠር፣ ክርስቲያን፤ አረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ገንዘቡን ለወንድሟ ላከች፣ ወንድሟ ገዛ፣ ሲገዛ መኪናው ደህና ነበር። በመስከረም ለግሸን ንግሥ ተሳላሚ ይጭን ጀመር። ሰው በሰው ላይ፣ ጣሪያው ላይ ስንቅና ምንጣፍ፣ ያን ሁሉ ዳገት። ሞተሩ ሲፈላበት ውሃ እያፈሰሰበት ይቀጥላል። ንግሡ ሲያልፍ መኪናውም አለቀለት። ከዚያ አሳጥቦ፣ ቀለም ቀብቶ፣ መጋረጃ ሰቅሎ ለሐጂ አስረከባቸውና ሥራ ፍለጋ ብሎ ከአገር ወጣ። የእህቱን ስልክ ቁጥር ትቶላቸዋል።

«እሷስ?» አልኩ። «ታውቃለች?»

«ማን ይነግራታል?» አሉ ሐጂ፣ የተገረሙት በእኔ ነበር። «ያቺ ምስኪን እዚያ ሰው ቤት ተቀምጣ፣ ብቻዋን፣ ክፉ ወሬ በስልክ ይነገራታል እንዴ? እናቷም እንዳትነግሩብኝ ብላ አስምላኛለች። ስትመጣ፣ ሰው ከብቧት፣ ቀስ ተብሎ ይነገራታል።»

«መቼ ነው የምትመጣው?»

 «መኪናው ሲሸጥ» አሉ ሐጂ። «በእሱ ገንዘብ ልትመለስ ነው ሐሳቧ። ሱቅ ልትከፍት።»

ይህን ስሰማ ነው ነገሩ የገባኝ። ልጅቷ መኪናዬ ደህና ነው ብላ የደህና መኪና ዋጋ ትጠራለች። ገዢ ይመጣል፣ ያያል፣ ይሄዳል። ሐጂ ደውለው ገበያው ቀዝቅዟል፣ ታገሺ ይሏታል። እሷም ትታገሳለች፤ ውሉን ታድሳለች፣ ሌላ ዓመት የሰው ሽንት ቤት ታጥባለች። ሁሉም ሰው ሊጠብቃት ብሎ እዚያው አስቀራት። አንድም ክፉ ሰው የለበትም። ይኼ ነው ያናደደኝ።

የተናደድኩበት ሌላም ምክንያት አለ፣ እሱንም ልናገር። እናቴ ስትሞት እኔ አረብ አገር ነበርኩ። ስደውል ገጠር ሄዳለች ይሉኛል። ደግሜ ስደውል ተኝታለች፣ ስልኳ ተበላሽቷል፣ ድምፅ የለም፣ ነገ ደውይ። የሚለኝ አባቴ ነው። እኔ በዚያ ሁሉ ጊዜ ለእሷ ሻርፕ ስመርጥ፣ የጉልበት ቅባት ስገዛ ነበር። አገሬ ገብቼ ከመኪና ስወርድ ጎረቤቶቻችን ግቢው ላይ ቆመው ጠበቁኝ፤ እንደ ደስታ አልቆሙም ነበር። ሻንጣዬን ሳላወርድ ነው መርዶዬን የሰማሁት። ሁሉም አልቅሶ ጨርሷል፣ ሐዘኑ ሰደቃው ሁሉ አልፏል፣ የማለቅሰው ብቻዬን ነው። አባቴን ይቅር ብዬዋለሁ። ልማዱን ግን ይቅር አላልኩም።

«ደውሉላት» አልኳቸው።

«ልጄ...»

«ገዢ ነኝ። የመኪናውን ባለቤት ላናግር።»

ሐጂ አባቴን አዩ፣ አባቴ መሬት አየ። በኢሞ በቪዲዮ ደወሉና ስልኩን ሰጡኝ። ወዲያው አነሳችው፤ ልብስ የሚታጠብበት ክፍል ውስጥ ናት፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አስራለች፣ ከኋላዋ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ይዞራል። ፊቷ ቀጭን ነው፣ ሳቂታ ናት። እየተንሾካሾከች ነው የምታወራው፤ ያንን መንሾካሾክ አውቀዋለሁ።

«አንቺ ነሽ ልትገዢ የመጣሽው? ሴት? በማርያም!» አለች። «ትነጃለሽ?»

«እነዳለሁ።»

«እልልል... ቆይ፣ አሳይኝ እስቲ መኪናዬን። ወንድሜ ፎቶ ልኮልኛል እንጂ እንዲህ ቆሞ አይቼው አላውቅም። ላም አለኝ በሰማይ ሆኖብኝ ነው የኖርኩት።»

ስልኩን አዙሬ ዳገቱ ላይ እንደቆመ አሳየኋት። ከፊቱ፣ ከጎኑ፣ ውስጡን። ውይ ነጭ ነው፣ ትላለች። መጋረጃው ማን መረጠው፣ ትላለች። ያ ከታች የሚታየው ሐይቁ ነው? ወይኔ ሐይቁ። ስልኩን ወደ ፊቴ ስመልሰው ሳቋ አልጠፋም ነበር።

«በይ እንግዲህ እንደ እህት ንገሪኝ» አለች። «ደህና ነው አይደል?»

አባቴ ከስልኩ ጀርባ ቆሞ ጭንቅላቱን ነቀነቀብኝ፤ እንዳትነግሪያት ነው። መዳፉን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ሐጂ በሹክሹክታ «ኢንሻ አላህ በያት፣ ኢንሻ አላህ በያትና እለፊ» ይላሉ። ሁለቱም የዋህ ሽማግሌዎች ናቸው፣ ሁለቱም ልጅቷ ታሳዝናቸዋለች። እኔም ታሳዝነኛለች። 

«ደህና አይደለም የኔ እህት» አልኳት። «ሞተሩ ፈልቶ ተጎድቷል። ዘይትና ውሃው ተቀላቅሏል። ተከፍቶ ካልተሠራ አይሄድም። በምትጠሪው ዋጋ ማንም አይገዛሽም፤ ገበያው ስለቀዘቀዘ አይደለም።»

 ማሽኑ ሲዞር ይሰማል። የቆረጠ መስሎኝ ስልኩን ጠጋ አድርጌ አየሁት፤ አልቆረጠም፣ እሷ ናት የማትነቃነቀው።

«ወንድሜ ያውቃል?» አለች።

«ያውቃል።»

«እናቴስ?»

መልሴን ግን አልጠበቀችም። በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፣ ወደ በሩ ዞራ አየች፣ ተመለሰች። ሳቋ ሄዷል፤ ድምጿ ግን ተረጋግቷል።

«አንቺም እዚህ ነበርሽ አይደል?» አለችኝ።

«ነበርኩ።»

«አውቄሻለሁ። እንግዲያው አትግዢው። የእኔ ልፋት እዚያ ላይ ፈሰሰ፣ ያንቺን አትጨምሪበት። አላህ ይስጥሽ ስለነገርሽኝ።» ክርስቲያን ናት፣ ግን እዚያ ሲኖሩ ምላስ ይለምዳል።

«አንቺስ ምን ልትሆኚ ነው?»

«እኔማ» አለች፣ ልታጽናናኝ የፈለገች ይመስል። «እኔማ እዚሁ ነኝ።»

ይህን ያለችበት ድምፅ አሁንም ከጆሮዬ አልጠፋም።  አባቴ እጁን ዘርግቶ ስልኩን ወሰደብኝ። አባቴ ስልክ አያያዝ አይችልም፤ ልጅቷ የምታየው ግንባሩንና ሰማይ ብቻ ነበር።

«ስሚኝማ ልጄ» አለ እየጮኸ። «እኔ የእሷ አባት ነኝ። አራሽ ነኝ። እናንተ አገር አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው ምን ያደርጋል?»

ትንሽ ግራ ገባት። «ከጎረቤቱ በሬ ጋር አጣምሮ ይቀናጃላ፣ አባቴ።»

«እኛም አገር እንደዚያው ነው። እንግዲህ አንቺ በሬ አለሽ፣ ታሟል። የእኔ ልጅ ገንዘብ አላት፣ በሬ የላትም። መኪናው ያንቺው ይሁን። እሷ በገንዘቧ ታሳክመው፣ ትንዳው። ያገኘውን እኩል ተካፈሉ። አንቺ የመጣሽ ዕለት ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። መቀናጆ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።»

«አባዬ፣ እኔን ማን ጠየቀኝ?» አልኩ። ደንግጬ ነበር። ያለኝን ገንዘብ በሰው መኪና ሆድ ውስጥ ልከት? ፊቷን በስልክ ባየኋት ልጅ እምነት? ነገ ወንድሟ ተመልሶ ቁልፌን ቢለኝስ?

አባቴ ስልኩን ዝቅ አድርጎ አየኝ። «አሁን እየጠየቅኩሽ ነው» አለ። «ሁለታችሁም አንድ አንድ በሬ ነው ያላችሁ። ለብቻ አታርሱም።» ከዚያ፣ ከመጣሁ ጀምሮ አንድም ቀን ያላለኝን አለኝ። «ደግሞ አንቺ ተመልሰሽ እንድትሄጂ አልፈልግም።»

ይህን ለመስማት ምን ያህል እንደጠበቅኩ ያወቅኩት ሲለኝ ነው። ስልኩን ተቀበልኩት። ልጅቷ ሁሉንም ሰምታለች፤ ከንፈሯን ነክሳ ታየኛለች።

«እኔ ግን አንድ ነገር እፈልጋለሁ» አለችኝ። «ክፉ ክፉውን መጀመሪያ ንገሪኝ። ጎማ ቢፈነዳ ንገሪኝ። ብትጋጪ ንገሪኝ። ደህና ነው አትበይኝ።»

«እሺ» አልኳት።

ሐጂ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። እኛ አሚን ስንል እሷ ከዚያ ማዶ አሜን ትላለች፣ የግሸኗን ማርያም ትጠራለች፤ ሐጂም ለእሷም አሚን አሉ። በኋላ የሐይቅ ሽማግሌዎች ባሉበት ውል ተጻፈ፤ የልጅቷ እናት ከአምባሰል ወርዳ በልጇ ስም በጣቷ ፈረመች። አፍራ ነበር፣ ቀና ብላ አታየኝም። «እንዲያ ያልኩት ለእሷው ብዬ ነው» አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። የእኔ አባትም ለእኔው ብሎ ነበር።

ደሴ አንድ መካኒክ ሞተሩን አውርዶ ሠራው። ያ ጊዜ ረጅም ነበር፤ ገንዘቤ ሲያልቅ እያየሁ ነው የከረምኩት። መኪናው ግን ተነሳ። የመጀመሪያውን ቀን ከሐይቅ ወደ ውጫሌ ስነዳ ሰዉ እንዳሰብኩት ሳቀ፣ እንዳሰብኩትም ተሳፈረ። አንዲት አሮጊት ከኋላ ሆነው «ቀስ እያልሽ የኔ ልጅ» እያሉ መንገዱን ሙሉ አብረውኝ ነዱ። ከዚያ ወዲህ መንገድ የተዘጋበትም፣ ነዳጅ የጠፋበትም፣ ቀኑን ሙሉ ወረፋ ላይ የዋልኩበትም ጊዜ አለ። ሁሉንም ማታ ማታ ድምፄን ቀድቼ እልክላታለሁ፤ ክፉውን አስቀድሜ። እሷም የእሷን ትልካለች። ማዳሟ ስለጣለችባት ሳህን፣ ስለወገቧ ሕመም፣ ስለ አንዲት ድመት። የእኔ ማዳም ደግሞ አንድ ቀን ደውላ አልመጣም ስላት «እንግዲያው ልጆቹን አናግሪያቸው» አለችኝ። አናገርኳቸው። ስልኩን ስዘጋ ትንሽ አለቀስኩ፣ ከዚያ ተሳፋሪዬን ጫንኩ።

የአምባሰሏ ልጅ ውሏን ሳታድስ የመጣችው ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ነው። ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ በራሷ ሚኒባስ ልቀበላት ሄድኩ። ከስልኩ ይልቅ አጠር ብላ አገኘኋት። ተቃቅፈን ቆየን። ከዚያ ወደ መኪናው ወሰድኳት። ዞረችው። እጇን ጎኑ ላይ እያሳረፈች ከፊት እስከ ኋላ፣ ከኋላ እስከ ፊት። ሻንጣዋን ስጭን የጎኑ በር ሲንሸራተት ሰማሁ። ዞር ስል ከኋላ፣ መጨረሻው ወንበር ላይ፣ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ በሁለት እጇ ይዛዋለች።

እዚያ አረብ አገር እኛ ሠራተኞቹ የምንቀመጠው ከኋላ ነው፣ ከልጆቹና ከዘንቢሉ ጋር። እኔም እንደመጣሁ ሰሞን አባቴ ጋቢና ግቢ ሲለኝ እግሬ ወደ ኋላ ነበር የሚሄደው።

«ጋቢና ነይ» አልኳት።

«እዚህ ይመቸኛል፤ አትቸገሪ።»

ዞሬ የጋቢናውን በር ከፈትኩና ይዤው ቆምኩ። ወረደች፣ መጣች፣ ወጣች፣ ተቀመጠች። በሩን እንቁላል የያዘች ይመስል ቀስ አድርጋ ሳበችው፤ አልያዘም። ደገመች፣ አሁንም አልያዘም።

«ጠንከር አድርጊው» አልኳት።

«ድምፅ ያሰማል።»

«ያሰማ። መኪናው ያንቺ ነው።»

አየችኝ። ከዚያ በሩን እስከ መጨረሻው ከፈተችና በሙሉ ጉልበቷ ሳበችው። ጓ ብሎ ተዘጋ፣ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፣ የቆሙት ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩን። ማንም አልተቆጣትም። እጀታውን ይዛ ትንሽ ቆየችና እንደገና ከፍታ ዘጋችው።